5 ሴንቲ ሜትር በቪደብልዩ (vw፣ የአሳሹ መስኮት ስፋት አንድ መቶኛ) ስንት ነው?

ጥያቄ፦ የድረ ገጹ ዲዛይን የተሰጠኝ በሴንቲ ሜትር ነው፤ የሎጎው ስፋት 5 ሴ.ሜ. ይላል። የዲዛይኑ ስፋት 1440 ፒክስል ነው። በቪደብልዩ ስንት ልበለው?

መልስ 1፦ መጀመሪያ ወደ ፒክስል ቀይረው። በሲኤስኤስ (CSS፣ የድረ ገጽ መልክ የሚጻፍበት ቋንቋ) 1 ኢንች ሁልጊዜ 96 ፒክስል ስለሆነ 5 ÷ 2.54 × 96 = 189 ገደማ። ከዚያ 189 ÷ 1440 × 100 = 13.125 ቪደብልዩ። ስክሪኑን በማስመሪያ ለክተህ 5 ሴ.ሜ. አገኛለሁ እንዳትል ግን፤ የሲኤስኤስ ሴንቲ ሜትር ከማስመሪያ ጋር የሚገጥመው በአብዛኛው ሲታተም ነው።

መልስ 2፦ ስሌቱ ልክ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። 360 ፒክስል ስፋት ባለው ስልክ ያው 13.125 ቪደብልዩ 47 ፒክስል ብቻ ይሆናል። በክላምፕ (clamp፣ መጠኑ ከትንሹ እንዳይወርድ ከትልቁም እንዳያልፍ የሚያደርግ የሲኤስኤስ ትእዛዝ) ገድበው፦ ትንሹ 96 ፒክስል፣ መሃሉ 13.125 ቪደብልዩ፣ ትልቁ 189 ፒክስል። የፊደል መጠን ከሆነ ደግሞ ቪደብልዩ ብቻውን አትስጥ፤ አንባቢው ዙም ሲያደርግ ጽሑፉ አያድግለትም። በካልክ (calc፣ የሲኤስኤስ ማስያ) ሬም (rem፣ ከገጹ መሠረታዊ የፊደል መጠን የሚነሳ መለኪያ) ደምርበት።

ጠያቂው፦ ክላምፑ ሠርቷል። አሁን ደግሞ 100 ቪደብልዩ የሰጠሁት ባነር ኮምፒውተር ላይ ገጹ ወደ ጎን እንዲንሸራተት አድርጎታል።

መልስ 2፦ ቪደብልዩ የስክሮልባሩንም (በገጹ ጎን ያለውን ማንሸራተቻ) ስፋት ስለሚቆጥር ነው። የያዘው ሳጥን የገጹን ሙሉ ስፋት የሚይዝ ከሆነ 100 ፐርሰንት በለው።