በገጠር ደብር የአንድ ዓመት አገልግሎት፦ ለኮሌጃችን ስለሚቀርበው የጋራ ሐሳብ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊው፦
የተከበራችሁ የምሩቃን ማኅበራችን አባላት፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። በማኅበሩ ስም ለኮሌጁ የትምህርት ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ከጾመ ፍልሰታ በፊት ተጠናቆ እንዲላክ በተወሰነው መሠረት መነሻውን ለውይይት አቅርቤአለሁ። ፍሬ ነገሩ፣ የነገረ መለኮት ተማሪ ከመመረቁ በፊት በአንድ የገጠር ደብር ለአንድ ዓመት ተመድቦ በቅዳሴ፣ በስብከትና በሰንበት ትምህርት ቤት እንዲያገለግል፣ አገልግሎቱም እንደ ትምህርት ተቆጥሮ ውጤት እንዲሰጥበት ነው። ለቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት እንደሚያስፈልጉ ሁላችንም እናውቃለን። ዲያቆናቱ ወደ ከተማ በመፍለሳቸው በሰንበት እንኳ ልዑካን (ቀዳሾች) የማይሟሉላቸው አጥቢያዎች እያሉ፣ ክህነት ያላቸው ተማሪዎች በከተማ ማደሪያ ተሰብስበው ስለ ምሥጢረ ክህነት ፈተና ብቻ ሲፈተኑ መክረማቸው ለእኔ አይዋጥልኝም። የኮሌጁ ትንሽነትም ለዚህ ይጠቅማል፤ መምህሩ እያንዳንዱን ተማሪ በስምና በጠባይ ስለሚያውቀው ለማን የትኛው ደብር እንደሚስማማው መለየት አይከብደውም።

በጎጃም የቅኔ ጉባኤ (የቅኔ ትምህርት ቤት) ያላቸው አባል፦
ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን እንደ ተጻፈ ከቀረበ ኮሌጁ ሰጪ፣ ገጠሩ ተቀባይ ብቻ ይመስላል። እኔ ዘንድ ያለ ደቀ መዝሙር ቀን በየጥሻው ቅኔ ሲቆጥር (ሲደርስ) ውሎ ማታ በፊቴ ቆሞ ይነግረኛል፤ ቤቱ ሲሰበር ወይም ምሥጢሩ ሲላላ እዚያው አርመዋለሁ፤ ከአጭሩ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ረጅሙ መወድስ እስኪሞላ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ። ይህ ልጅ ኮሌጅ ለመግባት ሲያመለክት የሚጠየቀው ግን የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው፤ ቢገባም ግእዝን ከሀ ሁ ጀምሮ እንዲማር ይደረጋል። ታሪካችንንም እናስብ፤ የቅድስት ሥላሴ ኮሌጅ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም የእርሱ አካል ነበረ፤ በደርግ ዘመን ተዘግቶ ለመቆየት ግን ተገደደ፤ የአብነት ጉባኤያት (ነባሮቹ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች) በዚያው ዘመን፣ ተማሪው በሚለምነው ቁራሽም ቢሆን፣ አልተፈቱም። ስለዚህ ሁለት ነገር እንዲጨመር እጠይቃለሁ፤ የአብነት መምህር በሚሰጠው ምስክርነት መሠረት የግእዝና የዜማ ትምህርቶች በክሬዲት እንዲያዙ፣ የሚመደበው ተማሪም በደብሩ አጠገብ ባለ ጉባኤ ከየኔታው ሥር እንዲቀመጥ።

ጸሐፊው፦
የኔታ፣ ሁለተኛውን ያለ ክርክር ተቀብያለሁ። የመጀመሪያውን የትምህርት ጉባኤው በቀላሉ የሚቀበለው አይመስለኝም፤ ምስክርነቱ በቃል ብቻ ከሆነ በመዝገብ ላይ የሚሰፍር ነገር ይፈልጋሉና። ተማሪው በኮሌጁ መምህራንና በአንድ የአብነት መምህር ፊት በቃል ቢፈተን፣ መፍትሔ ሊሆን ይችላል ብዬ አስባለሁ።

የቅኔ መምህሩ፦
በቃል መፈተኑ ሥርዓታችን ነው፤ እስማማለሁ።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ የሆነ ዲያቆን፦
አባቶቼና ወንድሞቼ፣ በኮሌጅ ያለን ተማሪዎች በየማታው የምንነጋገርበት ጉዳይ በሰነዱ አልተነካም። ዲያቆን ወይ አግብቶ ይቀስሳል፣ ወይ ይመነኩሳል፤ ከቀሰሰ በኋላ ማግባት የለም። ይህን ውሳኔ የምናደርገው ልክ በኮሌጅ ባለንበት ዕድሜ ሲሆን፣ የሚያማክረን ግን ሥራ የበዛበት የንስሐ አባት፣ ካልሆነም የመኝታ ጓደኛ ነው። ከቤተሰብ ግፊት የተነሣ ቸኩሎ የሚያገባ አለ፤ ጳጳሳት የሚሾሙት ከመነኮሳት መሆኑን አስቦ ወደ ምንኩስና የሚያዘነብልም እንዳለ መሸሸግ አይገባም። የገጠሩ ዓመት ተማሪው ካህንን ከነባለቤቱና ከነእርሻው፣ መነኩሴንም በገዳሙ የሥራ ሰዓት የሚያይበት እንዲሆን፣ ከምደባው በፊትና በኋላም ከመምህረ ንስሐ ጋር የሚነጋገርበት ጊዜ በግልጽ እንዲጻፍ እለምናለሁ።

በቀን መርሐ ግብር የተመረቁ እኅት፦
የዲያቆኑ ወንድማችን ሐሳብ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሰነዱን ሦስት ጊዜ ባነበው ሴት ተማሪ በየትኛው ቦታ እንደምትመደብ አላገኘሁም። ክህነት ስለሌለን አገልግሎታችን «ሌሎች» በሚል ቃል እንዳይታለፍ እፈልጋለሁ። ዓይነ ስውር ሆነው የአባታቸውን የቅኔ ጉባኤ ተክተው በጎጃም ያስተማሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የምታከብር ቤተ ክርስቲያን፣ ሴት የነገረ መለኮት ምሩቅን ከመዝሙር ክፍል ውጭ የት እንደምታሰማራ ማሰብ አያቅታትም። በሴቶች ገዳም ማስተማር፣ የአጥቢያ ትምህርተ ሃይማኖት፣ የታመሙትን መጠየቅና የቤተሰብ ምክር በስማቸው ይጠቀሱ፤ ለማደሪያዋም ኃላፊ ይሰየም። ማደሪያ ሳይዘጋጅ የሚላክ ወንድ ተማሪ በደጀ ሰላም ሊያድር ይችላል፤ ለሴት ግን ይህ አይሆንም።

የማኅበሩ ሒሳብ ሹም፦
በአጭሩ፣ ማኅበሩ ለሁሉም ድርጎ የመክፈል አቅም የለውም። ቀለቡንና ማደሪያውን ሰበካ ጉባኤው፣ መጓጓዣውን ማኅበሩ እንዲሸፍን ተብሎ ቢጻፍ ከእውነቱ የራቀ ተስፋ አይሆንም፤ በመጀመሪያው ዓመትም በጥቂት ተማሪዎች ይጀመር።

ጸሐፊው፦
በተሰጡት አስተያየቶች መሠረት ዋናውን አንቀጽ እንደሚከተለው አርሜዋለሁ። «ተማሪው ከመጨረሻው የትምህርት ዓመት በፊት፣ ከመስከረም እስከ ጥር በአንድ ደብር ወይም ገዳም ያገለግላል፤ በአቅራቢያው ባለ የአብነት ጉባኤም ይማራል፤ ከምደባው በፊትና በኋላ ከተመደበለት መምህረ ንስሐ ጋር ስለ ጥሪው ይነጋገራል። ክህነት የሌላቸው ተማሪዎች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ የአገልግሎት ዘርፋቸውና ማደሪያቸው አስቀድሞ በጽሑፍ ይታወቃል።» ዓመቱን ወደ መንፈቅ ያሳጠርኩት ኮሌጁ ከሴሚስተር ውጭ ያለ ዕቅድ ይቃወማል በሚል ስጋት ነው።

የቅኔ መምህሩ፦
በጥር ከተመለሰማ ዐቢይ ጾምን አላየም ማለት ነው። የጾሙ ዜማ ጾመ ድጓ የሚቆመው፣ በሰሙነ ሕማማትም ከጠዋት እስከ ማታ ንባቡና ስግደቱ የሚበረታው፣ ደብሩ ሰው የሚያጣውና ተማሪው አገልግሎት ምን እንደሚጠይቀው የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። መንፈቅ ካሉም ከጥር እስከ ጰራቅሊጦስ ይሁን።

ዲያቆኑ፦
የሁለተኛው ሴሚስተር ፈተና ከሰኔ በፊት ስለማይሰጥ ከኮሌጁ የቀን መቁጠሪያ ጋርም አይጋጭም።

ጸሐፊው፦
እንግዲያውስ «ከመስከረም እስከ ጥር» የሚለው «ከጥምቀት ማግስት እስከ በዓለ ጰራቅሊጦስ» በሚለው ተተክቷል። የማደሪያውን ዝርዝር እኅታችን፣ የቃል ፈተናውን አሠራር የኔታ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ጽፈው እንዲልኩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።