ስም ያለው ሰፈር፦ ቦታው ነው የሚሠራው ወይስ ሰው?

መምህርቷ፦ ጥያቄውን እኔ ላንሳ። አንዳንድ ሰፈር ስሙ ሲጠራ ሰው ቀና ብሎ ያያል። «የዚያ ሰፈር ልጅ ነኝ» ማለት ብቻውን በር ያስከፍታል። የሌላው ሰፈር ስም ሲነሳ ደግሞ ወዲያው ፊት ይለወጣል። ይህን ልዩነት ያመጣው ምንድን ነው? መሬቱ? ነዋሪው? ወይስ ከላይ ሆኖ የሚወስን አካል? ከዚህ የሚከተል ሌላም አለ። የከተማ አስተዳደር ይህን ክብር ሊጠብቀው ይገባል ወይስ ሊያካፍለው? ማስረጃ ያላችሁ ማስረጃ፣ ኑሮ ያያችሁ ኑሯችሁን አምጡ።

ደላላው፦ እኔ ከቦታው እጀምራለሁ። ቤት ሊገዛ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ስለ ሳሎኑ ስፋት አይጠይቀኝም። ውሃ ይጠፋል ወይ? መንገዱ እንዴት ነው? ልጄ የት ይማራል? ማታ ጸጥታው እንዴት ነው? እነዚህን ነው የሚጠይቀኝ። ለንደንን ተመልከቱ። እዚያ ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። በ19ኛው መቶ ዘመን የከሰሉ ጭስ ወደ ምሥራቅ ይነዳ ነበር። አቅም ያለው ወደ ምዕራቡ ሄደ፣ ድሃው ጭሱ ውስጥ ቀረ። ማንም ስብሰባ ተቀምጦ አልወሰነም። ንጹሕ አየር ፈልጎ መሄድ ደግሞ ያለ ነገር ነው።

የፕላን ባለሙያው፦ ነፋሱ ጀመረው እንጂ አልጨረሰውም፣ ወንድሜ። እ.ኤ.አ. በ1952 ለንደንን ያፈናት ጭጋግ ብዙ ሺህ ሰው ከገደለ በኋላ፣ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ጭሱ ከጠፋ አሥርት ዓመታት አለፉ። ተመራማሪዎች ግን የድሮ ፋብሪካዎች ጭስ ማውጫ የነበረበትን ቦታ በካርታ ላይ ለቅመው አዩ። በእንግሊዝ ከተሞች ጭሱ ያርፍባቸው የነበሩት ሰፈሮች ከጭሱ መጥፋት በኋላም ድሃ እንደሆኑ ቀርተዋል። አየሩ ጸድቷል፤ ስሙ አልጸዳም።

ኮረብታም እንደዚሁ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኮረብታው የሀብታም ነው። ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ ግን ባሕሩን ቁልቁል ከሚያዩት ኮረብታዎች ብዙዎቹ ላይ ያለው ፋቬላ ነው፤ የድሃ መንደር። ከሁለቱም ላይ ሆኖ የሚታየው ያምራል። የሚለያያቸው መንገዱ፣ የውሃ መስመሩና የይዞታ ወረቀቱ ነው።

ደላላው፦ እኔም እኮ ውሃና መንገድ ነው ያልኩት!

የፕላን ባለሙያው፦ አዎ፣ ግን ውሃና መንገድ ከሰማይ አይወርድም። የት እንደሚሄድ የሚወስን ሰው አለ።

መምህርቷ፦ ከፍታ ስትሉ አንድ ነገር ልጨምር። በድሮው የፓሪስ ሕንፃ ሀብታሙ ታችኞቹ ፎቆች ላይ ነበር፣ የቤት ሠራተኛዋ ጣሪያ ስር። ደረጃው ያደክማላ! በ1857 ኒውዮርክ ውስጥ የመጀመሪያው የሰው ማመላለሻ ሊፍት ሥራ ጀመረ። ሊፍት ሲስፋፋ ቀስ በቀስ ነገሩ ተገለበጠ። ዛሬ ውዱ ላይኛው ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግር ሁልጊዜ ይገረማሉ።

የፓሪሱ ማሬ ሰፈርም እንዲሁ ነው። በ1612 የተመረቀው የንጉሡ አደባባይ እዚያ ነው፤ መኳንንቱ ዙሪያውን ከበውት ይኖሩ ነበር። በኋላ እነሱ ወደ ምዕራብ ሄዱ። ቤተ መንግሥት የሚያክለው ቤት ተሸንሽኖ ዎርክሾፕና የድሃ ማደሪያ ሆነ። በ1962 ታሪካዊ ሰፈሮችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣና ሰፈሩ ታደሰ። ዛሬ እዚያ ቤት ማግኘት የሀብታም ነገር ነው። ድንጋዩ ያው ነው። ስለዚህ እኔ ወደ «ሰው ነው» አደላለሁ።

ተከራይዋ፦ መምህርት፣ ሰፈሩ ሲታደስ እዚያ የነበሩት ድሆች የት ሄዱ? ይህን የሚጠይቅ የለም።

እኔ የማውቀው ከኑሮዬ ነው። ስገባ ሰፈሩ ስም አልነበረውም። ታክሲ እንኳ ማታ አይገባም ነበር። እኛ ነን አዋጥተን ቦዩን ያስጠረግነው። እኛ ነን ሌሊት ተራ ገብተን የጠበቅነው። ጎረቤቴ ልጄን እንደ ልጇ ነው ያሳደገችልኝ። ከዚያ የመንገድ መብራት ተተከለ፣ መናፈሻ ተሠራ። ደስ አለን፣ እውነቴን ነው። ብዙም ሳይቆይ ኪራዩ እጥፍ ሆነና ዕቃዬን ጭኜ ወጣሁ። አሁን ያ ሰፈር «ምርጥ ሰፈር» ይባላል። ሩት ግላስ የምትባል የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ በ1964 ይህንኑ ለንደን ላይ አይታ ጄንትሪፊኬሽን ብላዋለች። ስም ስላለው ግን ሕመሙ አይቀንስም። ስሙ የመጣው እኛ ከወጣን በኋላ መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ።

የፕላን ባለሙያው፦ እህቴ የተናገረችው ልቤን ነክቶታል። ከላይ ስለሚወስነው አካልም ልናገር። በ1930ዎቹ በአሜሪካ አንድ የፌዴራል የቤት ብድር ተቋም ከተሞችን በ4 ቀለም ቀባ። አረንጓዴው ምርጥ ነው፣ ቀዩ አደገኛ። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር ቤቱ ደህና ቢሆን እንኳ በአብዛኛው ቀይ ይቀባ ነበር። የቤት ብድር ዋስትና የሚሰጠው ሌላው መሥሪያ ቤትም እንዲህ ያሉትን ሰፈሮች ይገፋ ነበር። ብድር የማይገባበት ሰፈር ደግሞ አይታደስም፣ ገዢም አያገኝም። ከዚያ «አየህ፣ ሰፈሩ ወደቀ» ይባላል። ማን ጣለው?

«ለጥቁር አይሸጥም» የሚል የቤት ውል ነበር። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርድ ቤቶች ይህን ውል ማስፈጸም አይችሉም አለ። በ1968 ደግሞ በሽያጭና በኪራይ ማግለል በሕግ ተከለከለ። ሌላ መንገድ ግን ክፍት ነበር። «ቦታህ ከዚህ ካነሰ ቤት መሥራት አትችልም። አፓርትመንት ክልክል ነው።» እዚህ ውስጥ ስለ ዘር አንዲት ቃል የለችም። ድሃው ግን አይገባም። ይህ ሕግ እስካሁን በብዙ ቦታ ይሠራል። ለእኔ የክብር ሰፈር ዋናው ምሰሶ ይኸው ነው።

ደላላው፦ ይህን ያህል አላውቅም ነበር። የቀለሙ ነገር ግፍ ነው። ግን ሁሉንም እንደዚያ አታድርጉት። ዕድሜ ልኩን ለፍቶ ጸጥ ያለ ቦታ የሚገዛ ሰው ማንንም አልበደለም። ልጁ መንገድ ላይ ሳይፈራ እንዲጫወት ነው የፈለገው።

የጥበቃ ሠራተኛው፦ እኔ ብዙ ዓመት እንዲህ ባለ ሰፈር በር ላይ ቆሜያለሁ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ በብርድ ሻይ የሚያመጡልኝ ነበሩ። ግን «ሰፈራችን በተፈጥሮው ጸጥ ያለ ነው» ሲሉ ስሰማ ይከፋኝ ነበር። ሌሊት የምንዞረው እኛ። ቆሻሻው ሳይነጋ የሚነሳው በሌላ ሰው እጅ። አትክልቱን የሚያጠጣ ሌላ። ሲነጋ ሁላችንም በሁለት አውቶቡስ ወደ ሩቅ እንሄዳለን። ከእኛ አንዱም እዚያ ሰፈር መኖር አይችልም።

ተከራይዋ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ይህን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም።

ደላላው፦ ጋሼ፣ እርስዎን አልቃወምም። ታዲያ ምን ይደረግ? ሁሉም እዚያ ይግባ ካልን ቦታው አይበቃም።

የፕላን ባለሙያው፦ ሁሉም አይገባም፤ ግን ቪየና ያደረገችውን እይ። በ1923 በቤቶች ላይ ግብር ጣለች፤ ትንሹ ቤት ጥቂት፣ ቅንጡው ብዙ እንዲከፍል። በዚያ ገንዘብ ለሠራተኛው ቤት ሠራች። ካርል ማርክስ ሆፍ የሚባለው በ1930 ተመረቀ። ከ1,300 በላይ መኖሪያ አለው፤ ርዝመቱ ከአንድ ኪሎሜትር ያልፋል። የተሠራውም ቅንጡ ቪላዎች ባሉበት ወረዳ ውስጥ ነው። ወረዳው ዛሬም የተከበረ ነው። የሠራተኛው መምጣት ስሙን አላጠፋውም።

ደላላው፦ ግብሩን ተወውና፣ ኪራይ ላይ ገደብ ከተጣለ ባለቤቱ ቤቱን አያድስም። ይህን በሥራዬ አይቻለሁ።

ተከራይዋ፦ የእኔ አከራይ ምን አደሰ? መብራቱን የተከለው ከተማው ነው፤ ቦዩን ያስጠረግነው እኛ ነን። ለእሱ የቀረው ዋጋ መጨመር ብቻ ነበር።

ደላላው፦ ሊጨምርብሽ መሆኑን ስንት ጊዜ ቀድሞ ነገረሽ?

ተከራይዋ፦ አንድ ወር። ልጄ ፈተና ላይ ነበር።

ደላላው፦ እሱስ ልክ አይደለም። ስለ ገደቡ ገና እንከራከራለን። ቢያንስ ልጁ ትምህርቱን እስኪጨርስ የሚያቆይ የማስጠንቀቂያ ጊዜ በሕግ ይኑር ከተባለ ግን እኔም እፈርማለሁ።