ስፕሪንግ ቡት ካሳደግኩ በኋላ የስህተት ሜሴጁ ባዶ ሆኖ ይመጣል

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች እስቲ አግዙኝ። እዚህ ከዚራ ላለ ፋርማሲ የመድሃኒት መመዝገቢያ በጃቫ ሰርቼ ነበር፣ በስፕሪንግ ቡት (የጃቫ ፕሮግራም መስሪያ ፍሬምወርክ) 2.2 ምንም ችግር አልነበረውም፣ ባለፈው ሳምንት ወደ 2.4 ሳሳድገው ስህተት ሲፈጠር ሜሴጁ ጠፋ። «መድሃኒቱ ጊዜው አልፎበታል» ብዬ የወረወርኩት ኤክሴፕሽን (ኮዱ ስህተት ሲያገኝ የሚልከው ምልክት) ብሮውዘር ላይ 500 (የሰርቨር ስህተት ኮድ) ብቻ ሆኖ ይመጣል፣ ሰርቨሩ የሚመልሰው ጄሰን (ዳታ) ላይ ሜሴጅ የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ሻጯ ምን እንደተሳሳተች ስለማይነግራት ያንኑ በተን ደጋግማ ትጫናለች፣ በጣም አሳዘነችኝ።

ሳቢያን፦
አቦ አይዞህ ኮድህ አልተበላሸም። ከ2.3 ጀምሮ፣ በፈረንጆች 2020 የወጣው ማለት ነው፣ የውስጥ መረጃ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ብለው ሜሴጁን በዲፎልት ዘግተውታል። ፕሮፐርቲስ ፋይሉ (የፕሮግራሙ ሴቲንግ ያለበት) ላይ ሰርቨር ነጥብ ኤረር ነጥብ ኢንክሉድ ሰረዝ ሜሴጅ የሚለውን ኦልዌይስ በለው (server.error.include-message=always)፣ ይመጣል።

መጋላ፦
ልክ ነው ግን ላፕቶፕህ ላይ ብቻ አድርገው እንጂ ደንበኛው ጋ እንዳትተወው፣ ዳታቤዙ ሲሳሳት የቴብሎችህን ስም ሁሉ ሰው ያነበዋል። እኔ ብሆን ኮንትሮለር አድቫይስ ክላስ (ስህተቶችን አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ኮድ) ጽፌ የራሴን ኤክሴፕሽን ብቻ ይዤ በአማርኛ እመልስላት ነበር፣ የስህተት ኮዱንም ከ500 ወደ 400 (የላኪው ስህተት) ቀይረው፣ ጥፋቱ የሰርቨሩ አይደለምና። ደሞ ቫሊዴሽን ስታርተሩ (የሚገባውን ዳታ የሚፈትሸው ላይብረሪ) ከ2.3 ጀምሮ ከዌብ ስታርተሩ ወጥቷል፣ ለብቻው መጨመርህን እይ።

የከዚራ ልጅ፦
ሰራ! አድቫይሱን ጻፍኩት፣ አሁን ቀይ ጽሁፉ በአማርኛ ይወጣላታል። አንድ ቦታ ደሞ ባዶ ካች (ስህተቱን ይዞ ምንም የማያደርግ ኮድ) አገኘሁ፣ ኤክሴፕሽኑን ውጦ ሎግ ላይ እንኳን አይጽፍም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ወንድሞቼ።