የምት ፕሮጀክት፦ የጋራ ማመልከቻው ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ማኅበራችን ለገንዘብ ሰጪው በጋራ የሚያቀርበው ማመልከቻ ዓርብ ይዘጋል፤ ረቂቁ ግን ገና ከገጽ ሁለት አላለፈም። ዓላማው ይታወቃል፦ ሬዲዮ በማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚሠራ ሰው በብረት ቧንቧ በኩል በአማርኛ መልእክት እንዲልክ ነው። የመላኪያ ሣጥኗ መዶሻ መምታት እንጂ ምቷን ማስረዘም ስለማትችል፣ በአጭርና በረጅም ምልክት የሚላከው ሞርስ አይሆንም። ምቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ፊደሉን የሚናገረው በመካከላቸው ያለው ጊዜ ነው። የፊደል ገበታውን 33 ረድፎች ስድስት ስድስት እያደረግን ከፍለናል፦ መጀመሪያ ምድብ፣ ቀጥሎ በምድቡ ውስጥ ያለው ተራ፣ ከዚያ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ቤት። እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ ክፍተት ርዝመት ነው። «ሰላም» 2-1-1፣ 1-2-4፣ 1-4-6 ይሆናል፤ ዘጠኝ ክፍተት፣ አሥር ምት።

አባል፣ ጅማ፦ ቁጥር 1 የ100 ሚሊ ሰከንድ ክፍተት፣ 2 የ200 እያለ የሚሄድ ከሆነ አንድ ምት ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ሁለቱ ክፍተቶች ይዋሃዱና እንደ አንድ ይነበባሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይዛባል። በእያንዳንዱ ክፍተት ላይ 600 ሚሊ ሰከንድ መነሻ ይጨመር። ያን ጊዜ ትልቁ ክፍተት 1300 ነው፤ ሁለት ትንንሾች ሲዋሃዱ ግን ቢያንስ 1400 ስለሚሆኑ መሣሪያው ጉድለቱን ወዲያው ያውቃል። «ሰላም» 7.6 ሰከንድ ይፈጃል፤ ይፍጅ። ይህ ገጽ ሦስት ላይ ካልገባ ገምጋሚዎቹ ይጥሉናል።

አባል፣ ባሕር ዳር፦ ከዚያ በፊት፣ ሦስት «ሀ» የምንሸከመው ለምንድን ነው? ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ ዓይኑ ዐ እና ፀሐዩ ፀ ቢወጡ 28 ረድፍ ይቀራል፤ ምድቡም ከስድስት ወደ አምስት ይወርዳል። ለተቀበረ ሰው «ውሃ» ተብሎ ቢጻፍም «ውኃ» ተብሎ ቢጻፍም ልዩነት የለውም።

አባል፣ ጎንደር፦ ፊደል በሚቀነስበት ወረቀት ላይ አልፈርምም። «ሰአለ» ለመነ ነው፣ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነው። አባቶች ያቆዩትን ለአንዲት መዶሻ ብለን አንጥልም።

አባል፣ ባሕር ዳር፦ ማንም ጣለው አላለም። ለመሣሪያው ብቻ ነው።

አባል፣ ጎንደር፦ ሁልጊዜ የሚጀመረው «ለመሣሪያው ብቻ» ተብሎ ነው።

የድሮ ቴሌግራፈኛ፦ ልጆች፣ በቬትናም ጦርነት ጊዜ በሃኖይ እስር ቤት የነበሩ አሜሪካውያን ምርኮኞች በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1965 ጀምሮ ግድግዳ እያንኳኩ ይነጋገሩ ነበር። ገበታቸው አምስት በአምስት ስለነበር 26ቱ ፊደላት አልገቡላቸውም፤ «ኬ»ን አውጥተው በ«ሲ» ተኩ፣ መልእክታቸውም ደረሰ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ያ ሰው ድንጋይ አንሥቶ ቧንቧውን መምታት አለበት፤ የሰው እጅ ደግሞ 100 ሚሊ ሰከንድ አይለካም። እንደ እነሱ ምቱ የሚቆጠርበት ስልትም ይካተት። «ሰላም» በቆጠራ 22 ምት ነው፤ ማንም ይችለዋል።

አባል፣ ጎንደር፦ ጋሼ፣ እነሱ በፊደላቸው ያሻቸውን ያድርጉ። የእኛን ለቀቅ አድርጉልን።

አባል፣ ባሕር ዳር፦ አንተ ማንበብ እንጂ መሥራት አታውቅም። አንድም ሽቦ በጥሰህ ሳትቀጥል ሁሉን ትከለክላለህ።

ሰብሳቢ፦ ይብቃ። የማኅበሩን ክብር ጠብቁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሐ ስንጻጻፍ የቧንቧና የዳሳሽ ዋጋ ያመጣ የለም። የሐዋሳው አባል በራሱ ፈቃድ ኃላፊነቱን ወስዶ ከማክሰኞ ጀምሮ ድምፁ ጠፍቷል። ዋጋ የሌለው በጀት አላስገባም።

አባል፣ አዳማ፦ ቋ፣ ጓ እና ኳ የት ገቡ? «ቋንቋ» የሚለውን ራሱን መላክ አንችልም።

አባል፣ ጅማ፦ ስምንተኛ ቤት ይሰጣቸው፤ መነሻውም 700 ይሁን። ስለ መነሻው ግን እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

አባል፣ ባሕር ዳር፦ እሺ፣ 33ቱም ይቆዩ። ቃሌ ከብዶ ከሆነ ወንድሜ ይቅር በለኝ። ዓርብ እንዳያልፈን ነው የተቃጠልኩት።

አባል፣ ጎንደር፦ አልፏል። እንዲያውም ገበታው ሙሉ ከሆነ ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ ኮዱን ያውቀዋል ማለት ነው። ለምን ትምህርት ቤት አንጀምረውም? ልጆች ጠረጴዛ እየመቱ ቤቶቹን ይለማመዱበታል።

ገንዘብ ያዥ፦ የገንዘብ ሰጪው ጥሪ ትምህርትን ነው በቀዳሚነት የጠቀሰው። ቧንቧው ከቀረ ወጪው በግማሽ ይወርዳል፤ ያለ ሐዋሳው ዋጋም በጀቱን እዘጋዋለሁ።

ሰብሳቢ፦ ተቃውሞ አላየሁም። ይታረም።

ጸሐፊ፦ ርዕሱ «የፊደል ገበታን በምት ማስተማር» ሆኗል። የጉድጓዱ ክፍል ወደ ፕሮጀክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ተሸጋግሯል።

የድሮ ቴሌግራፈኛ፦ ሁለተኛው ምዕራፍ በጀት አለው?

ጸሐፊ፦ ለጊዜው የለውም።

የድሮ ቴሌግራፈኛ፦ እንግዲያውስ ቆፋሪዎቹን ጥላችኋቸዋል። ልዩነቴ በቃለ ጉባኤው ይመዝገብልኝ።

አባል፣ ጅማ፦ ጠረጴዛ ላይም ምት ይጠፋል። 700ው የት ገባ?

ጸሐፊ፦ አባሪ ሦስት።

አባል፣ ጅማ፦ አባሪ ሦስትን ማን ይጽፋል?

ጸሐፊ፦ አንተ። እስከ ሐሙስ ማታ።