ቴስታታው ከተሠራ በኋላ መኪናዬ በዝቅተኛ ዙር ጉልበት አጣች

ሞተሩ 1.6 ሊትር፣ 4 ሲሊንደር፣ 16 ቫልቭ ነው። በየቀኑ ሥራ የምመላለስባት መኪና ናት፣ ውድድር ምናምን የለም። ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ ሲሠራ ባለሙያው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን በደንብ አሰፋቸው፣ ውስጣቸውንም መስታወት እስኪመስል ወለወለው። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የፋብሪካው ነው፣ አልተነካም።

አሁን በደቂቃ ከ4,500 ዙር በላይ ስትሄድ ደስ ትላለች፣ ግን እኔ እዚያ የምደርሰው አልፎ አልፎ ነው። ከ3,000 በታች፣ በተለይ በ2ኛ ማርሽ ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጣት፣ መጀመሪያ እፍን ትላለች፣ ከዚያ እየጎተተች ትነሳለች። ነዳጅም ጨምራለች። ኮምፕረሽን (በሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለውን የእመቃ ግፊት) አስለካሁ፣ አራቱም እኩል ናቸው። ሻማ ቀየርኩ፣ የቺንጋውን (ካምሻፍቱን የሚያዞረው ቀበቶ) ምልክት አረጋገጥኩ፣ በማኒፎልዱ (አየር ወደ ቴስታታው የሚያደርሰው ቱቦ) በኩልም ሾልኮ የሚገባ አየር የለም። የቀረኝ ጥርጣሬ አንድ ነው፤ ቀዳዳው ስለሰፋ በዝቅተኛ ዙር የአየሩ ፍጥነት ወርዶ ነዳጁ በደንብ አይቀላቀልም።

እንዲህ ዓይነት ቴስታታ በእጃችሁ ያለፈ ካላችሁ፦ የቀዳዳውን ወለል ሙቀትና ቤንዚን በሚችል ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ሞልቶ ማጥበብ ለዕለት ተዕለት መንዳት ይዘልቃል ወይስ ያልተነካ ቴስታታ ፈልጌ የቫልቭ መቀመጫውን ብቻ ላሠራ?