ኩፐር ኤስ በጎንደር፦ ሱፐርቻርጀር ወይስ ተርቦ?

አስጀማሪው (ማራኪ)

የዚህ ቡድን አባላት ሆይ፣ ሁለት ሚኒ ኩፐር ኤስ መኪኖች ለሽያጭ ቀርበውልኛል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሁለተኛው በ2008 የተሠሩ ሲሆን የሚጠየቅባቸው ዋጋም እምብዛም አይራራቅም። ሁለቱም ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ናቸው፤ ነገር ግን በ2005ቱ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው በቺንጋ የሚዞር ሱፐርቻርጀር ነው፣ በ2008ቱ ደግሞ በጭሱ ኃይል የሚዞር ተርቦ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ሌላ ይመጣል ብዬ ልጠብቅ አልችልም፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ወይም መተው ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ፋብሪካው ለመጀመሪያው 170፣ ለሁለተኛው 175 የፈረስ ጉልበት ብሎ ስለጻፈ ብዙዎች «ልዩነታቸው አምስት ፈረስ ነው» ብለው ያልፉታል። ይህ ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል አየር የተሰላ ነው፤ እኛ ያለነው 2,133 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ጎንደር ሲደርሱ የሁለቱ መኪኖች እኩያነት ያበቃል፣ ተርቦውም በግልጽ ይበልጣል እላለሁ። የሚቃወም ካለ በምክንያት ይቃወመኝ፤ የሱፐርቻርጀሩ ፉጨት ደስ እንደሚል እኔም አውቃለሁ።

የፊዚክስ መምህሩ

አስጀማሪው ያሉት በመሠረቱ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ቢብራራ ግን ክርክሩ ያጥራል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከመቶ 78 እጅ ያህል ነው። ሱፐርቻርጀሩ ፍጥነቱ ቺንጋው በሚያዞረው ጎማ (ፑሌ) ስፋት ስለታሰረ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር እርሱ ስንት ጊዜ እንደሚዞር አስቀድሞ ተወስኗል፤ በአንድ ዙር የሚያሳልፈው አየርም በቁና እንደሚሰፈር እህል ሁልጊዜ ያው ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ቁናው አልተለወጠም፣ እህሉ ግን ገለባ በዝቶበታል። ባሕር ጠለል ላይ እስከ 1.8 ባር ያደርስ ከነበረ እዚህ 1.4 ባር ግድም ላይ ይቆማል፤ ከ170ው ፈረስም በግርድፍ ስሌት 135 ያህሉ ይቀራል።

ተርቦው እንዲህ ያለ ማሰሪያ የለበትም። የሞተሩ ኮምፒውተር ትርፍ ጭስ የሚያስወጣውን ትንሽ በር ጠበብ አድርጎ ብዙ ጭስ ወደ ተርባይኑ ስለሚሰድድ ተርቦው ከወትሮው ፈጥኖ ይዞርና የጎደለውን ግፊት አብዛኛውን ይሞላል። ሁሉንም ይሞላል ማለቴ ግን አይደለም፤ አብዝቶ ሲዞር አየሩን ያግለዋል፣ ለራሱም የፍጥነት ጣሪያ አለው።

ሾፌሩ (ደባርቅ)

መምህሩ ያሰሉት ነዳጅ እስከ ታች ተረግጦ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ላይ ሲሆን ያለውን ነው። ሚኒ ነድቼ አላውቅም፤ ተርቦ የተገጠመላቸውን መኪኖች ግን በዚህ መንገድ ለዓመታት ነድቻለሁ። ሊማሊሞን የሚያውቅ ሰው እንደሚመሰክረው፣ በጥምዝምዙ ዳገት ላይ የሚያስፈልገው ከመታጠፊያው ሲወጡ፣ ማርሹ ሁለተኛ ላይ ሳለ፣ እግር እንደነካ የሚመጣ ጉልበት ነው። ተርቦ ያለው መኪና በዚያች ሰዓት መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቆይቶ ደግሞ ሳይታሰብ ይነሣል፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥርም ዝምታው ይረዝማል፣ ምክንያቱም ተርቦውን የሚያነቃው ጭስ ራሱ ከሳሳው አየር የሚገኝ ነው። በቺንጋ የሚዞረው ግን ሞተሩ ከተነሣ ጊዜ ጀምሮ አብሮ ይሠራል። እኔ ብሆን ትንሹን ግን የታመነውን ጉልበት እመርጣለሁ።

አስጀማሪው

ሾፌሩ ያነሡት ዝምታ እውነት ነው፣ መጠኑ ግን እንደ መኪናው ይለያያል። በ2008ቱ ላይ ያለው ተርቦ ጭሱን ከፒስተኖቹ ሁለት ሁለቱን አጣምሮ በተለያየ ቦይ የሚቀበል ስለሆነ ቶሎ ይነቃል፤ ፋብሪካው 240 ኒውተን ሜትር የሚሰጠው ከ1,600 ዙር ጀምሮ ነው ይላል። ጎንደር ላይ ከ2,000 በላይ ይሁን ብንል እንኳ የ2005ቱ ከፍተኛው 220 ነው፣ እርሱም በ4,000 ዙር የሚገኝና ለከፍታው ገና ያልተቀነሰለት ነው። ከዚህም ሌላ የአሮጌው ሞተር የመጭመቂያ ልክ (ፒስተኑ አየሩን ስንት እጥፍ እንደሚጨምቀው) 8.3 ሲሆን የአዲሱ 10.5 ነው፤ ተርቦው ገና ባልነቃበት ቅጽበት እንኳ አዲሱ ሞተር ያገኛትን አየር በደንብ ይጠቀምባታል። የነዳጅ ወጪውንም እናንሣ ከተባለ፣ አሮጌው በፋብሪካው መለኪያ በ100 ኪሎ ሜትር ከ8 ሊትር በላይ ሲጠጣ አዲሱ ከ7 ሊትር በታች ነው። ቤንዚን ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደምንሰለፍ ለዚህ ቡድን አልነግርም።

አንድ አባል (አራዳ)

በዚህ ገንዘብ ቪትዝ ገዝቶ የተረፈውን በኪስ መያዝም እኮ ይቻላል።

መካኒኩ (አዘዞ)

ቪትዙን ለጊዜው እንተወው፤ ጥያቄው ስለ ቪትዝ አይደለም። እኔ በፊዚክሱ ከመምህሩ ጋር አልከራከርም። የምከራከረው አስጀማሪው «ይበልጣል» ሲሉ በምን እንደሚለኩት ነው። የ17 ወይም የ20 ዓመት መኪና የሚለካው በፈረስ ብቻ ሳይሆን፣ ሲታመም ጎንደር ውስጥ ይድናል ወይስ አይድንም በሚለው ጭምር ነው።

የ2005ቱ ሞተር ከክራይስለር ጋር በጋራ በብራዚል ይሠራ የነበረ፣ ብረት ብሎክ ያለው፣ ቤንዚኑ ከአየር ማስገቢያው ላይ የሚረጭለት ወፍራም ሞተር ነው። ችግር የለበትም አልልም። ሱፐርቻርጀሩ የራሱ የማርሽ ዘይት አለው፤ በፋብሪካው የጥገና ዝርዝር ስለሌለ ባለቤቶች ይረሱታል። የውኃ ፓምፑ የሚዞረውም በእርሱ በኩል ስለሆነ እነዚያ ማርሾች ካለቁ ውኃውም ይቆማል፣ ሞተሩም ይግላል። የመሪው ፓምፕ በኤሌክትሪክ የሚሠራና ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ ጭቃና ድንጋይ ያገኘዋል። እነዚህ ሁሉ ግን በእጅና በመፍቻ የሚደረስባቸው ሕመሞች ናቸው።

የ2008ቱ ከፔዦና ሲትሮኤን ጋር አብሮ የተነደፈ፣ ቤንዚኑ በከፍተኛ ግፊት በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭ ሞተር ነው። ብልህ ሞተር ነው፣ ብልህነቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ቤንዚኑ ቫልቮላውን ስለማያጥበው ጥላሸቱ በመግቢያው ቫልቮላ ላይ ይጋገራል፤ ለማጽዳት የአየር ማስገቢያውን ቱቦ (ማኒፎልዱን) መፍታት ግድ ነው። የከፍተኛ ግፊት ነዳጅ ፓምፑ ይበላሻል። ከሁሉም የሚያሰጋው የካቴናው፣ ማለትም ቫልቮላዎቹን ከፒስተኖቹ ጋር በልክ የሚያስኬደው ሰንሰለት፣ መወጠሪያ ነው፦ ሲደክም ካቴናው ይላላል፣ ይንኳኳል፣ ችላ ከተባለ ጥርስ ዘሎ ቫልቮላና ፒስተን ያጋጫል። ዘይት መብላትም ስለሚወድ፣ ዘይቱ ጎድሎ ሲነዳ ይኸው መወጠሪያ ቀድሞ ይጎዳል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2010 ሞተሩን ለውጦ 184 ፈረስ ያለውን አመጣ። ለሽያጭ የቀረበው ግን የ2008ቱ እንጂ ያ አይደለም።

ስለ ቤንዚናችንም አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱም ጥሩ ቤንዚን ይፈልጋሉ። ነገር ግን መምህሩ እንዳሉት ሱፐርቻርጀሩ በዚህ ከፍታ አነስተኛ ግፊት ስለሚሰጥ ሞተሩ በደካማ ቤንዚን የመንኳኳት (ቤንዚኑ ያለ ልኩ የመቀጣጠል) ዕድሉ ይቀንሳል፤ የሳሳው አየር ጉልበቱን ይወስድበታል፣ በምትኩ ጤና ይሰጠዋል። ተርቦው ግፊቱን መልሶ ስለሚሞላ ከደካማው ቤንዚን ጋር የሚጋፈጠው እንደ ባሕር ጠለሉ ነው።

የፊዚክስ መምህሩ

የመካኒኩ የመጨረሻ ነጥብ አላሰብሁትም ነበር፤ ትክክል ነው። ኮምፒውተሩ መንኳኳት ሲሰማ እሳቱን ስለሚያዘገይ ሞተሩ ወዲያው አይጎዳም፣ ነገር ግን ተርቦው ያስመለሰልን ጉልበት ከፊሉ በዚያው ይሄዳል። ስለዚህ በ135 እና በ175 መካከል ያለው ክፍተት እዚህ ስንነዳ ከስሌቱ ይጠባል። ይጠፋል ግን አልልም፤ ወደ ደባርቅ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ስንወጣ እንደውም ሱፐርቻርጀሩ ይብስበታል።

ሾፌሩ (ደባርቅ)

ወደ ታችም እንሂድ እንጂ። ወደ መተማ ቆላው ሲወረድ አየሩ ይወፍራል፣ ሱፐርቻርጀሩም ያጣውን ያገኛል፤ በዚያ ሙቀት ግን የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ሞተሩ አናት ላይ መቀመጡ ይጎዳዋል። የ2008ቱ ኢንተርኩለር ፊት ለፊት ነው፤ ኮፈኑ ላይ ያለው የአየር ማስገቢያ ለጌጥ ነው የቀረለት።

አስጀማሪው

እንግዲህ አቋሜን አጥብቤ ላስቀምጠው። በጉልበት ረገድ ተርቦው ለጎንደር ይሻላል፤ ይህን ማንም አላፈረሰውም። መካኒኩ «ጎንደር ውስጥ ይድናል ወይስ አይድንም» ብለው ያነሡትን ስጋት ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበልም፤ የሞተሩ ቤተሰብ ፔዦ 308ን በመሳሰሉትም ላይ ስላለ መለዋወጫው በሚኒ ስም ብቻ የሚፈለግ አይደለም። ካቴናው ከነመወጠሪያው ተቀይሮለት ከሆነ የ2008ቱን እወስዳለሁ፤ ሻጩ ተቀይሯል ብለውኛል፣ ደረሰኝ ግን አላሳዩኝም።

መካኒኩ (አዘዞ)

ደረሰኝ ከሌለ ጆሮ አለ። የላላ ካቴና የሚሰማው ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ ሲነሣ፣ በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ነው፤ ከሞቀ በኋላ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በ12 ሰዓት ከሻጩ ግቢ እንገናኝ፤ እኔ ሳልደርስ ሞተሩን ማንም እንዳያስነሣው ይንገሩልኝ። ስደርስ ኮፈኑ ሞቆ ካገኘሁት ግን ሳልከፍተው እመለሳለሁ።