ባለ 24 ቁጥር ትንሽ የጀርመን ብር ሳንቲም፦ ያስመታው ማን ነው?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። በምኖርበት በጀርመን አገር ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ስስ የብር ሳንቲም ገዝቻለሁ። ስፋቱ 21 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 1.3 ግራም ነው። በአንድ ገጹ መስቀል የተተከለበት ሉል፣ በሉሉ ውስጥ 24 ቁጥር፣ በዙሪያው «ፌርዲ» እና «ሮም» ተብለው የሚነበቡ የላቲን ፊደላት አሉበት። በሌላው ገጽ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ የተቀረጸበት ጋሻ ይታያል። ሻጩ የንጉሠ ነገሥት ፈርዲናንድ ነው ብሎኛል። እውነት ነው? ጥቁረቱንስ ላስለቅቀው?

መልስ 1
የንጉሠ ነገሥቱ ስም መኖሩ እሱ አስመታው ማለት አይደለም። ጀርመን በብዙ ትናንሽ ግዛቶች ተከፋፍላ፣ በቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ሥር በነበረችበት በዚያን ዘመን ገንዘብ የመምታት መብት በየአካባቢው ላሉ መሳፍንት፣ ጳጳሳትና ከተሞች ይሰጥ ስለነበር፣ ብዙዎቹ በአንዱ ገጽ የንጉሠ ነገሥቱን ስም፣ በሌላው የራሳቸውን አርማ ያሳርፉ ነበር። ቁጥሩ 24ቱ ተደምረው አንድ ታለር (ትልቁ የብር ገንዘብ) ይሆናሉ ማለት ነው፤ በአገራችን ጠገራ ብር የምንለው ማርያ ቴሬዛም ከታለር ወገን ስለሆነ የእርስዎን ሳንቲም የዚያ ቤተሰብ ዝርዝር አድርገው ይዩት። ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ ዛሬ በሰሜን ሄሰን የሚገኘው የዋልዴክ ግዛት ገዢዎች አርማ ነው። አርማው ጽጌረዳ ቢሆን የሊፔን ግዛት፣ የሳማ ቅጠል ቢሆን የሻውምቡርግን ግዛት እንጠረጥር ነበር። በጋሻው ዙሪያ ያለውን ጽሑፍ በማጉያ መነጽር አንብበው የዋልዴክን ስም መነሻ ፊደላት ቢፈልጉ ጥርጣሬው ይወገዳል።

መልስ 2
ዓመተ ምሕረቱንም ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ብቻ ይጻፋሉ። ዳግማዊ ፈርዲናንድ የነገሠው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1619 እስከ 1637 ነው። የሠላሳው ዓመት ጦርነት በ1618 ከተጀመረ በኋላ፣ እስከ 1623 ድረስ፣ ብዙ ትናንሽ ገዢዎች ጥሩውን ገንዘብ እያቀለጡ መዳብ የበዛበት ሳንቲም አስመትተዋል፤ ጉዳቱ የወደቀው ደመወዙን በዚያ ገንዘብ በሚቀበለው ድሃ ላይ ነበር። በተፋቁት ጠርዞች ላይ ቀላ ያለ መልክ ካዩ የዚያ ዘመን ምልክት ሊሆን ይችላል።

ጠያቂው
እጅግ አመሰግናለሁ። ጠርዙ በእርግጥ ቀላ ይላል። እንግዲያው በሎሚና በአመድ ልሸው?

መልስ 3
እባክዎ አይንኩት። የቤት ብር የሚታጠብበት ሎሚና አመድ የሳንቲሙን ገጽ ይፍቀዋል፤ ላዩን የሸፈነው ስስ ብርም ከተነሣ አይመለስም። አፈር ካለበት በተጣራ ውኃ ዘፍዝፈው ሳያሹ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት፤ በሁለቱም ገጽ ብርሃን ከጎን እያበሩ ፎቶ ያንሡት፤ ፊደላቱ ጎልተው የሚወጡት በዚያ ነው።